ለኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ስላመለጡህ ሰንጢዎች

ወንድማለም ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፣ ባለ አጥንት እጀታ የአሜሪካ ሰንጢ መሰብሰብ ከጀመርክ ሁለት አመት ሆኖሃል፣ በትንሽ ቁጥር የሚሰሩትን ሊሚትዶቹን ነው የምትፈልገው፣ ሶስት ጊዜ ሽያጩ እስኪከፈት ቁጭ ብለህ ጠብቀህ ሶስቱም አመለጡህ፣ አሁን አንድ ሰው በ110 ዶላር የወጣውን በ320 ልስጥህ ብሎሃል፣ ከዚህ በፊት በዘመድ ያስመጣኸው ደሞ ስለቱ ላይ ዝገት ጀምሮት ሞላው ጋ በብርሃን የሚታይ ክፍተት ኖሮት ነው እጅህ የገባው። ልክፈል ወይስ ልተው፣ ጭራሽ መሰብሰቡንስ ላቁም ወይ ነው ያልከው።

320ውን አትክፈል። መሰብሰቡን ግን እንዳታቆም። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ነው ምነግርህ፣ ምክንያቱም እኔም ባንተ መንገድ ሄጄ ብዙ ብር አፍስሻለሁ፣ ያኔ ቁጭ አድርጎ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እላለሁ እስካሁን።

እኔ ደሴ ነው ያለሁት፣ ሰኞ ገበያ ጋ ቢላ መቀስ የማረጃ ካራ ምናምን እስላለሁ እጠግናለሁ፣ ሃያ አመት ሊሞላኝ ነው። ሰንጢ መውደድ የጀመርኩት ግን ከስራው በፊት ነው፣ በአባቴ ሰንጢ። ቀንድ እጀታ ነበራት፣ ስለቷ ተስሎ ተስሎ ግማሹ ያለቀ፣ ስሩ ላይ ዞሊንገን የሚል የጀርመን ከተማ ስም የተጻፈባት። እሷ ሊሚትድ ምናምን አልነበረችም፣ የሷ አይነት ስንትና ስንት ሺህ ተሰርቷል። ግን ስትከፈት ጧ ስትዘጋ ጧ ትላለች፣ ያንን ድምጽ እየሰማሁ ነው ያደኩት፣ ዛሬም ሰንጢ እጄ ሲገባ ከአይኔ በፊት ጆሮዬ ነው የሚመረምረው።

አሁን ሊሚትድ የሚለውን ነገር እንፍታው። ሰው ሊሚትድ ሲባል ሰንጢው ራሱ የተለየ ይመስለዋል። እስቲ አንዱን ፋብሪካ ውሰድ፣ አንተም የምታሳድደው የነሱን ስለሚመስለኝ፣ ግሬት ኢስተርን ከትለሪን። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ታይተስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያሉት፣ በ1859 ድሬክ የሚባለው ሰውዬ የነዳጅ ጉድጓድ ቆፍሮ ያወጣባት ከተማ ናት፣ ፋብሪካው ግን የ2006 ነው፣ ገና ልጅ ነው፣ አሰራሩ ነው የድሮ። ኖርዝፊልድ፣ ቲዲዩት፣ ፋርም ኤንድ ፊልድ በሚሉ ስሞች ነው የሚያወጡት። ፓተርን የሚሉት ነገር አለ፣ የሰንጢው ቅርጽና ልክ ማለት ነው፣ እያንዳንዱም ቁጥር አለው፣ ከመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሃዞች ፓተርኑን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አመቱን ነው የሚነግሩህ፣ በ15 ጀምሮ በ19 የሚያልቅ ካየህ ፓተርን 15 በ2019 የተሰራ ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ማሽኑን ለአንድ ፓተርን ያዘጋጁና ስለቱን፣ የጀርባ ሞላውን፣ ውስጥ ያለውን ስስ ሳህን ቆርጠው የተወሰነ ብዛት ይገጥማሉ፣ ሲጨርሱ ማሽኑን ፈተው ወደ ሌላ ፓተርን ይሄዳሉ። ያ ፓተርን ተመልሶ እስኪመጣ አንዳንዴ አመታት ይፈጃል። እና ልብ በል፣ በዛ ዙር የተሰራው ስለትና ሞላ ባብዛኛው አንድ ነው። የሚለያየው ከላይ የሚለጠፈው ልባስ ነው፣ አንዱ ቀይ የተነከረ አጥንት፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ኢቦኒ እንጨት፣ አንዱ የአጋዘን ቀንድ። ከዚህ 50 ብቻ ነው የተሰራው ሲሉህ 50 የሆነው ልባሱ ነው እንጂ ሰንጢው አይደለም። ነጠላ እንደመግዛት አስበው፣ ድሩም ማጉም አንድ፣ ሸማኔውም አንድ፣ ጥለቱ ብቻ ተቀይሮ ዋጋው ሶስት እጥፍ ሲባል።

ይሄን ስል ፋብሪካዎቹ እያጭበረበሩ ነው እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። በእጅ የሚገጠም ነገር ብዙ ሊሆን አይችልም፣ እያንዳንዷን ሰንጢ ሰው ነው ስለቷን የሚይዘውን ፒን መትቶ ሞላዋን አስተካክሎ የሚያወጣት። ቀንዱ ደሞ ራሱ ችግር አለው፣ ለሰንጢ ተመራጭ የሆነው የሳምባር አጋዘን ቀንድ ህንድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስለከለከለች ያለው ተሻምቶ ነው፣ ባለው ላይ ደሞ ግራና ቀኙ የሚመሳሰል ጥንድ መፈለግ አለ። እሱ እውነተኛ እጥረት ነው፣ ትንሽ ጨምሬ ብከፍልበት አይቆጨኝም። የቀይና የአረንጓዴ ቀለም እጥረት ግን የቀለም ዕቃው ስለተከደነ ብቻ የመጣ እጥረት ነው፣ ነገ ሊከፈት ይችላል።

ተከፍቶብኝም ያውቃል። አንዴ አንዲት ጥቁር ቀይ አጥንት የለበሰች ሰንጢ አመለጠችኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብልህ ማጋነን አይደለም፣ ከዛ አየር በአየር ከሚሰሩት አንዱ ጋ አገኘኋትና የሁለት ወር ገቢዬን አውጥቼ ባህር ማዶ ባለ ዘመድ በኩል አስገዛኋት። በሁለት አመቱ ያው ፋብሪካ ያንኑ ፓተርን መለሰው፣ ቀለሙ ጎን ለጎን ካላስቀመጥከው የማይለይ ነው፣ በመደበኛ ዋጋ። ሰንጢዋ አሁንም አለችኝ፣ ጥሩ ሰንጢ ናት፣ ግን በከፈትኳት ቁጥር ያ ገንዘብ ትዝ ይለኛል፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም መውደድ ሲገባኝ እየቆጠርኩ ነው ያለሁት። አንተም 320 ብትከፍል የምትገዛው እሱን ስሜት ነው።

ሌላው ደሞ፣ ሶስቴ ያመለጠህ አንተ ስለዘገየህ እንዳይመስልህ። ፋብሪካው እንደሱ ያለውን ለኔና ላንተ በቀጥታ አይሸጥም፣ ለሻጮች ያከፋፍላል፣ ሻጮቹ የደረሳቸውን ጥቂት በሰዓት ይከፍቱታል፣ ካርዱን ቀድሞ ያስገባ ይወስዳል፣ በደቂቃዎች ያልቃል። እኛ ደግሞ ካርድ የለንም፣ ዘመድ ነው የሚገዛልን፣ ዘመድ ስራ ላይ ነው። በዛ ላይ ሰዓቱ አለ። የነሱ የምስራቅ ሰዓት እኩለ ቀን በበጋቸው ለኛ ማታ 1 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው ማታ 2 ሰዓት ይሆናል፣ ሰዓታቸውን በአመት ሁለቴ ስለሚያዞሩ፣ አንዱ በኛ መጋቢት መግቢያ አካባቢ አንዱ ጥቅምት መጨረሻ። መጋቢት ላይ ሳታውቅ በድሮው ሰዓት ብትገባ አንድ ሰዓት ሙሉ አርፍደሃል፣ አልቆ ነው የምታገኘው፣ እኔ እንደዛ ነው አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ፓወር ባንክ ሰክቼ ጠብቄ ባዶ ገጽ ያየሁት። አንዳንድ ሻጮች መሽቀዳደሙን ትተው ስም መዝግበው ዕጣ ያወጣሉ፣ የግድ ሊሚትድ ካልክ የዘመድህን ስም እንደነዚህ ያሉት ጋ አስመዝግብና እርሳው፣ እንደ እቁብ ነው፣ ከወጣልህ ወጣልህ። መሽቀዳደሙን ግን ተወው፣ ከኮምቦልቻ ሆነህ አትቀድማቸውም።

ታዲያ ምን ልሰብስብ ካልክ፣ ፓተርን ሰብስብ፣ ልባስ አይደለም። እኔን ብሬ ካለቀብኝ በኋላ ያዳነኝ ኬዝ የሚባለው ፋብሪካ ያገለገለ ሰንጢ ነው። ኬዝም እዛው ፔንሲልቬንያ ነው፣ ብራድፎርድ፣ ከ1889 ጀምሮ ያለ ስም፣ ብዛቱ ደሞ የትየለሌ ስለሆነ ያገለገለው በደህና ዋጋ ይገኛል። ለመሰብሰብ የሚጥመው ቁጥሩ የሚነበብ መሆኑ ነው። 6254 የሚል ስታየው 6ቱ የተፈለፈለ አጥንት እጀታ ነው፣ 2ቱ ሁለት ስለት አለው ነው፣ 54 ፓተርኑ ነው፣ ትራፐር የሚሉት። አመቱን ደሞ በነጥብ ታውቀዋለህ፣ በ1970 ከስሙ ስር 10 ነጥብ አደረጉ፣ በየአመቱ አንድ አንድ እየቀነሱ 1979 ላይ አንድ ነጥብ ቀረ፣ በ1980 ደሞ እንደገና ከ10 ጀመሩ፣ የዚህኛው ዙር ኤስ ፊደሏ እንደ መብረቅ የተሰበረች ስለሆነች ከ70ዎቹ ትለያታለህ። እኔ የ70ዎቹን ትራፐር ከ10 ነጥብ እስከ 1 ነጥብ ልሞላ ነው የተነሳሁት፣ ሰባት ደርሻለሁ፣ ማንም አያሽቀዳድመኝም፣ አንዷ ካመለጠችኝ ሌላ ወር ሌላ ትወጣለች። ደስታው ይሄ ነው ወንድሜ፣ ማደን ማለት እንዲህ ነው፣ የምታውቀውን ነገር ስትፈልግ።

በየአመቱ አዲስ ነገር ካላየሁ አይሆንልኝም የምትል ከሆነ ደሞ የስዊዞቹ ቪክቶሪኖክስ በየአመቱ ለአሉሚኒየም እጀታው አንድ ቀለም መርጦ በተለያየ መጠን ሲያወጣ ቆይቷል፣ ሳጥኑ ላይ አመቱ ተጽፎ። የዛ አመት ብቻ ነው ግን በደቂቃ አያልቅም፣ ዘመድህ ተረጋግቶ ይገዛዋል፣ ስቴንለስ ስለሆነ ደሞ መንገድ ላይ አይዝግም። ለኪስ ለስራ ከሆነ ኦፒኔል ያዝ፣ ከ1890 ጀምሮ ያለ የፈረንሳይ የገበሬ ሰንጢ ነው፣ ከ1955 ወዲህ ስለቱን የሚቆልፍ ቀለበት አለው፣ ርካሽ ነው፣ ሽንኩርትም ብትከትፍበት እንጨትም ብትቀርጽበት አያሳዝንህም። ላዮል የሚል ንብ ያለበት ሰንጢ ሲያቀርቡልህ ግን ተጠንቀቅ፣ ስሙ የመንደር ስም ነው፣ ለረጅም ጊዜ ማንም እንደፈለገ ሲለጥፈው ስለኖረ ጽሁፉ ብቻውን የት እንደተሰራ አይነግርህም። ዞሊንገን ከዚህ ይለያል፣ ጀርመኖች ከ1938 ጀምሮ በህግ የጠበቁት ስም ነው።

አሁን ወደደረሰችህ ሰንጢ ልምጣ፣ ከጥያቄህ በጣም ያሳሰበኝ እሷ ናት። እንዲህ አይነት ሰንጢ ሎክ የለውም፣ ስለቱን ከፍቶም ዘግቶም የሚይዘው ያ የጀርባ ሞላ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰንጢው ማለት ሞላው ነው። በሞላውና በሳህኑ መሃል በብርሃን ስታየው እንደ ጸጉር የምትታይ ክፍተት ብዙ ጊዜ የመልክ ጉዳይ ናት፣ ውድ ሰንጢ ላይም ትገኛለች፣ በእጅ የተገጠመ ነገር ነው። መጨነቅ ያለብህ ሌላ ነው። ስለቱን ከፍተህ በሁለት ጣት ያዝና ግራና ቀኝ ወዝውዘው፣ ከተነቃነቀ ፒኑ ላልቷል። ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ ሞላው በደንብ አልተቀመጠም፣ እሱ ይብሳል። ቀስ ብለህ ስትዘጋው መጨረሻ ላይ የስለቱ አፍ ሞላውን የሚነካ ከሆነ ስለትህ እዛች ቦታ ላይ ሁሌ ይደንዛል፣ ሰው ስለቱ መጥፎ ነው ይላል፣ ስለቱ አይደለም። ያገለገለ ስትገዛ ደሞ ስለቱ ተስሎ ምን ያህል እንዳለቀና ሁለቱም ስለቶች ላይ ያለው ምልክት የአንድ ዘመን መሆኑን ፎቶ ጠይቅ፣ አንዱ ነጥብ ያለው አንዱ የሌለው ከሆነ ስለቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ፒኑ ላልቶ ካገኘኸው ሞርሳ ውስጥ ከተህ እንዳትጨምቀው። ለምኜሃለሁ። ብረቱ ይጠብቅ ይሆናል አጥንቱ ግን ይሰነጠቃል፣ እንደዛ ሆነው የመጡልኝ አሉ፣ ማዳን አልቻልኩም።

ለወደፊቱ ደሞ ችግሩ የሚፈታው እዚህ ሳይሆን እዛ ነው። ሻጩ መልስ የሚቀበልበት ቀን የሚቆጠረው ዕቃው የዘመድህ ቤት ከገባበት ጀምሮ ነው፣ አንተ ጋ እስኪደርስ ስድስት ወር ዘመድህ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ያኔ ማንም አይቀበልህም። ስለዚህ ዘመድህ በደረሰው ቀን ይክፈተው፣ በቪዲዮ ይደውልልህ፣ ቅድም ያልኩህን መወዝወዝ አንተ እያየህ ያድርገው፣ አምስት ደቂቃ ነው። ከዛ በቀጭኑ ቫዝሊን ይቀባው። ሲመጣም በሚጫነው ሻንጣ ነው እንጂ በእጅ ቦርሳ ከያዘው ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል፣ ይሄን ማታ ደውለህ ንገረው፣ ሰው ይረሳል።

ዝገቱስ ካልክ፣ ብረቱ 1095 የሚሉት ነው ብዬ ነው ማስበው፣ ካርቦኑ 0.95 በመቶ አካባቢ ነው፣ ክሮሚየም የለውም ማለት ይቻላል፣ ስቴንለስ ለመባል ደግሞ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልጋል። ስለዚህ ይዝጋል፣ ተፈጥሮው ነው፣ በምትኩ በቀላሉ ይሳላል አሳሳሉም ያምራል። ግራጫና ሰማያዊ እየመሰለ ከጠቆረ ፓቲና ነው፣ ብርቱካን ሽንኩርት ስትቆርጥበት የሚመጣ፣ አትንካው፣ ብረቱን ይጠብቀዋል። ቀዩ ነው ጠላትህ። ቀዩን ጠብታ ዘይት አድርገህ ለስላሳ ጨርቅ፣ ካልለቀቀ የተማሪ ላጲስ፣ ቀስ እያልክ ፈትገው፣ የአሸዋ ወረቀት እንዳታስጠጋ፣ የፋብሪካውን ልስላሴ ከነማህተሙ ይዞት ይሄዳል። መገጣጠሚያው ውስጥ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የምግብ ዘይት አታድርግበት፣ ይሸታል ይሙጫል።

አቀማመጥ ላይ ደሞ ስማኝ፣ እዚህ ጋ የከፈልኩት ከዛ ከቀይ አጥንቷ ይበልጣል። ሰንጢዎቼን በሙሉ በአንድ የእንጨት ሳጥን ነበር የማስቀምጠው፣ ከነሱ መሃል አንዲት አሮጌ ሴሉሎይድ እጀታ ያላት ነበረች፣ ቢጫ እንደ ማር የምታበራ፣ በጣም ነበር የምወዳት። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ከውስጡ አሲድነት ያለው ጋዝ ያወጣል፣ ያኔ አላውቅም ነበር። ደሴ ክረምት ላይ ታውቀዋለህ፣ ከጦሳ የሚወርደው ጉም ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ሐምሌና ነሐሴን ሳጥኑን ሳልከፍት አለፍኩ፣ መስከረም ላይ ስከፍተው የሆነ እንደ ካምፎር የሚሸት ነገር መታኝ፣ የሴሉሎይዷ እጀታ ተሰነጣጥቆ አልቧል፣ ከሷ ግራና ቀኝ የነበሩት ሁለት ካርቦን ሰንጢዎች ስለታቸው ተበሳስቷል፣ ነሐሱ አረንጓዴ ሆኗል። ከሁለቱ አንዷ የአባቴ ነበረች። አጽድቼ ሞላዋን መለስኩላት፣ ትከፈታለች ትዘጋለች፣ ዞሊንገን የሚለው ጽሁፍ ግን ተበልቷል አይነበብም።

እና ሴሉሎይድ ካለህ ዛሬ ማታ ለይተህ ለብቻው ክፍት ቦታ አድርገው፣ ከእሳትም አርቀው፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው። ሌሎቹንም በቆዳ ሰገባቸው ውስጥ ከተህ አታቆይ፣ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል፣ ሰገባ ለመያዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልልና በወር አንዴ ከፍተህ እያቸው። ኮምቦልቻ ከኛ ዝቅ ያለ ሙቅ አገር ስለሆነ ይሻልሃል ግን ላብ አለ፣ ላብ ጨው ነው፣ ነካክተህ ሳትወለውል አታስቀምጥ።

ስትወጣ ደሞ የምትሰበስባቸውን ኪስህ ይዘህ አትዙር። ባንክ በር ላይ፣ ስብሰባ መግቢያ ላይ፣ ኬላ ላይ ፍተሻ አለ፣ ሰንጢ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያስጠረጥር ታውቃለህ፣ ለጥበቃ አስረክበህ ስትወጣ የምታጣው ነገር ሊሆን አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሊሚትድ ፍለጋ ታይተስቪል ድረስ ስታይ ካንተ ቅርብ ባቲ አለ፣ ሰኞ ሰኞ ገበያው ላይ የአፋር ጊሌ ለሽያጭ ቀርቦ ታገኛለህ፣ ያ ሰንጢ አይደለም አውቃለሁ፣ አይታጠፍም፣ በሁለት በኩል ስል የሆነ ቆልመም ያለ ጩቤ ነው። ግን አንዱ ጊሌ ከአንዱ አይገጥምም፣ የቀጥቃጩ እጅ ይታይበታል። እኛ ሰፈርም ከመኪና ባሌስትራ ስለት የሚያወጡ ልጆች አሉ፣ አንዱን ልጅ እኔ የቀንድ እጀታ ሰጥቼው ባለ ሞላ ሰንጢ እንዲሞክር አድርጌዋለሁ፣ ሁለቱ ሞላቸው ጠነከረና ጥፍር የሚሰብሩ ሆኑ፣ ሶስተኛው ጧ አለ። አሁን አራተኛው ላይ ነው።

ሰውየውን 320ው ይቅርብኝ በለው፣ በ110 ብትሰጠኝ እወስዳለሁ ብለህ ጨምርለት፣ ካልፈለገ ይተወው። ያቺን ዝገት የጀመራትን ደሞ ስለቷን ሳትነካካ ይዘሃት ደሴ ውጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስራ ይቀለኛል፣ መስኮት ጋ ይዘን ክፍተቷን አብረን እናየዋለን፣ ፒኗ ከላላም በልኩ እመታልሃለሁ፣ የአባቴንም አሳይሃለሁ።